የጻፍከውን መክፈል ወይስ የሁለተኛውን?

በታሸገ ፖስታ የሚካሄደው የለመድነው ጨረታ አሸናፊውን የጻፈውን ያስከፍለዋል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ትልቁን የጻፈ ያሸንፋል፣ የሚከፍለው ግን ሁለተኛው ሰው የጻፈውን ነው።

አንድ ያገለገለ መኪና ለአንተ እስከ 900 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። በመጀመሪያው 900 ብትጽፍ አሸንፈህም ትርፍህ ዜሮ ነው። ስለዚህ ትቀንሳለህ። 820? 780? ሌሎቹ ስንት ይጽፉ ይሆን እያልክ እንቅልፍ ታጣለህ። በሁለተኛው ግን 900 ጽፈህ መተኛት ነው። ተከታይህ 810 ካለ 810 ትከፍላለህ። ዝቅ ብትል የሚቀንሰው የማሸነፍ ዕድልህ ብቻ ነው። ይህን የኢኮኖሚክስ ምሁሩ ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 አሳየ፤ ኖቤል ያገኘው በ1996 ነው፣ ዜናው በተሰማ በቀናት ውስጥ አረፈ።

እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ግን አጫራቹ ፖስታህን ካየ በኋላ 895 የሚል የውሸት ፖስታ ቢጨምርብህ በምን ታውቃለህ?