ለሳሎን ቲቪ፦ ያገለገለ ኮምፒውተር ወይስ አንድሮይድ ቦክስ?

ሰሞኑን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀኝ፣ ቲቪዬ ስማርት አይደለም (ወይ ስማርቱ ተንቀራፎብኛል)፣ አንድሮይድ ቦክስ (ቲቪ ላይ ተሰክቶ ስማርት የሚያደርገውን ትንሽ ዕቃ) ልግዛ ወይስ አሮጌ ኮምፒውተር ልሰካበት? ሁለቱንም ይዣለሁ። እኔ ቤት ቲቪው ስር ያለው ኮምፒውተር ነው፣ እናቴ ቤት ደግሞ ቦክስ።

እናቴ ሪሞቱን ታነሳለች፣ ዩቲዩብን ትጫናለች፣ መዝሙሯን ትከፍታለች፣ አለቀ። እሷን ማውስ አስይዤ ዊንዶውስ አፕዴት ላድርግ እያለ ሲጨቀጭቃት ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ጉዳያችሁ ዩቲዩብ ብቻ ከሆነ ቦክስ ግዙ፣ መብራት አይበላ፣ ቦታ አይፈጅ።

ግን ርካሹን ተጠንቀቁ። ካርቶኑ ላይ 8ኬ ምናምን ይላል፣ ውስጡ ሌላ ነው። እኔ አንዴ 64 ጊጋ ተብሎ የገዛሁት 10 ጊጋ እንኳን ሳልሞላበት ሞልቷል ብሎ ቆመ። ኔትፍሊክስም ጥራት ያለውን ምስል የሚለቀው ራሱ ላጸደቃቸው ዕቃዎች ብቻ ስለሆነ እዚህ ርካሾቹ ላይ ጥራቱ 480ፒ ላይ ይቀርባችኋል፣ 4ኬ ቲቪ ገዝቶ የድሮ ዲቪዲ ማየት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ቲ95 የሚባለው ቦክስ ቫይረስ ከነጭራሹ ተጭኖበት ሲሸጥ ተገኝቷል፣ ዋናውን ኢሜይላችሁን እንደዚህ አይነት ዕቃ ላይ ባታስገቡ ይሻላል።

ኮምፒውተር የሚበልጠው ጓደኛችሁ ፊልም የሞላ ሀርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ ነው። ቲቪው ላይ ስትሰኩት አንዱ አይነበብም፣ አንዱ ምስል አለው ድምፅ የለውም (ድምፁ ዲቲኤስ የሚባለው ፎርማት ከሆነ ብዙ ቲቪ አይከፍተውም)፣ የአማርኛው ሰብታይትል ደግሞ አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ይደረደራል። ኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ የፊልም ማጫወቻ ካለ ሁሉም ይከፈታል በቃ። ዩቲዩብንም ፋየርፎክስ ላይ ማስታወቂያ መከልከያ ጭናችሁ ማየት ትችላላችሁ፣ እኔ ለዚህ ብቻ እንኳን አልለውጠውም።

የትኛውን ኮምፒውተር? ተራ ፉል ኤችዲ ፊልም ከሆነ ኢንቴል አራተኛ ጀነሬሽንም ይበቃል። ለ4ኬ ግን ከሰባተኛ አትውረዱ፣ ምክንያቱም ባለ 10 ቢቱን ኤችኢቪሲ (ብዙ 4ኬ ፊልም የሚታመቅበትን ፎርማት) ግራፊክሱ ራሱ መፍታት የጀመረው ከዛ ነው፣ ከዛ በታች ያለው ሲፒዩውን ያስጨንቀዋል ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮሃል ፊልሙም ይቆራረጣል። እና ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚፈልገው ስምንተኛና ከዛ በላይ ነው፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ላይ አልቋል፣ ስለዚህ ሰባተኛ ስትገዙ ይህችን አንስታችሁ ዋጋ ተከራከሩ፣ ከዛ በዊንዶውስ ፋንታ ሊብሬኤሌክ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫኑበት፣ ሲበራ ቀጥታ ኮዲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ ውስጥ ይገባል፣ ስልካችሁን ሪሞት ማድረግ ትችላላችሁ። ኔትፍሊክስ ለሚፈልግ ግን ዊንዶውሱ ይቆይለት፣ ኤጅ ብራውዘር ላይ ጥሩ ያወጣል።

ታወር (ትልቁን ቋሚ ካሳ) አትግዙ በናታችሁ፣ ሳሎን ውስጥ ፋን እየጮኸ ፊልም አይታይም። ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ወይም ቲንክሴንተር ታይኒ የሚባሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ወፍራም መጽሐፍ ያክላሉ። ብቻ ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ማከማቻ) ቀይሩት፣ መብራት ድንገት በጠፋ ቁጥር የሚጎዳው ሀርድ ዲስኩ ነው።

ከሁሉም በርካሽ የሚወጣው ደግሞ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ነው! ማንም ስለማይፈልገው ዋጋው ይወርዳል፣ ለእናንተ ግን ስክሪኑ ቲቪው ነው፣ ባትሪው ትንሽ እንኳን የሚይዝ ከሆነ መብራት ሲሄድ ድርግም አይልም። ሳትከፍሉ እዛው ቲቪ ላይ አሰክታችሁ እዩት፣ በዛውም ኤችዲኤምአይ መኖሩን አረጋግጡ፣ ቪጂኤ ብቻ ካለው ድምፅ ስለማያስተላልፍ ሌላ ገመድ ፍለጋ ነው።

ሰክታችሁ ድምፁ ከቲቪው ካልወጣ ዕቃው ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት፣ ኮምፒውተሩ ላይ የሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቲቪውን ምረጡ። የምስሉ ጠርዝ ከተቆረጠም የቲቪው ሜኑ ውስጥ ጀስት ስካን ወይ ስክሪን ፊት የሚል አለ፣ እሱን ማድረግ ነው።