ሦስት ጊዜ «ዛሬ አትበሪም» ላሉኝ አሰልጣኜ

ሶልት ሌክ ሲቲና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ፓራግላይዲንግ (በጨርቅ ክንፍ ከተራራ ተነሥቶ መብረር) ለመማር ልባችሁ ተነሣሥቶ «ማን ዘንድ ልሂድ?» የምትሉ ካላችሁ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። አሰልጣኜን በአደባባይ ሳላመሰግን ዓመቱ እንዳያልፍም ብዬ ነው። «ስሜን አታውጪው» ስላሉኝ አልጠራቸውም፤ የፈለገ በግል ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። ዕድሜያቸው ስድሳን የዘለለ፣ ፀሐይና ነፋስ ፊታቸውን ያቀላው፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው።

የምንማርበት ቦታ ፖይንት ኦፍ ዘ ማውንቴን ይባላል። ከከተማችን በስተደቡብ፣ በድሬፐርና በሊሃይ መካከል ያለው ተረተር ነው፤ በአውራ ጎዳናው ያለፈ ሁሉ ባለ ቀለም ክንፎቹን አይቷቸዋል። ጠዋት ነፋሱ ከደቡብ መጥቶ ከተረተሩ ጋር ይጋጭና ሽቅብ ይወጣል፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ዞሮ ከሰሜን ይነፍሳል። አብራሪውም እንደ ነፋሱ ጠዋት በደቡቡ፣ ማታ በሰሜኑ ገጽ ይውላል። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ሥራ የምለቀው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ የጠዋቱ ነፋስ ለእኔ ተብሎ የተመደበ መስሎኝ ነበር። ይህ ሐሳብ በኋላ ጣጣ አመጣብኝ፤ እመለስበታለሁ።

አምና ሌላ ቦታ ከፍዬ ጀምሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ክንፉን አስታጥቀው «ሩጪ!» አሉኝ፤ ሮጥኩ፣ ወደቅኩ፣ ጉልበቴ ተላጠ። ለምን እንደወደቅኩ የነገረኝ የለም። ገንዘቤንም ጉልበቴንም ይዤ ተውኩት ብል ውሸት ነው፤ ገንዘቡ እዚያው ቀረ።

አሁን ያሉኝ አሰልጣኝ ግን በመጀመሪያው ቀን ክንፍ አላሳዩኝም። መታጠቂያውን አልብሰው የእግር ማሰሪያዎቹን ራሴ እንድቆልፍ አደረጉ፤ ከዚያ አስፈቱኝ፤ እንደገና አስቆለፉኝ። ይህን ስንት ጊዜ እንደደጋገምነው አላስታውስም። የእግር ማሰሪያውን ሳይቆልፍ የተነሣ ሰው አየር ላይ ከመቀመጫው ሊንሸራተት እንደሚችል፣ ስህተቱ ደግሞ ከጀማሪ ይልቅ ወሬ እያወራ በሚታጠቅ ነባር ላይ እንደሚደርስ ያስረዱኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ከመነሣቴ በፊት እጄ ሳላዝዘው ወደ ጭኔ ይሄዳል።

ቀጥሎ መሬት ላይ ክንፍ ማቆም መጣ። የፓራግላይደር ክንፍ እንጨትም ብረትም የለውም። ሳር ላይ ሲዘረጋ የታጠበ አንሶላ ይመስላል። በፊተኛው ጠርዙ የተደረደሩት ክፍት አፎች ነፋስ ሲጎርሱ ነው ውስጡ ተነፍቶ ቅርጽ የሚይዘው። ፊቴን ወደ ክንፉ፣ ጀርባዬን ወደ ነፋሱ አድርጌ የፊተኞቹን ገመዶች በጣቶቼ አነሣለሁ፤ ክንፉ ከራሴ በላይ ሲደርስ ፍሬኑን፣ ማለትም የክንፉን የኋላ ጠርዝ የሚስቡትን ገመዶች፣ ትንሽ ይዤ አቆመዋለሁ። ሲናገሩት ቀላል ነው። እኔ ግን እንደ ፍየል ገመድ ስጎትተው አንዴ አልፎኝ ፊት ለፊቴ ይደፋል፣ አንዴ በጎን ይወድቅና ገመዱ ይተበተባል። በኋላ ነገሩ የገባኝ እንጀራ ከምጣድ ወደ ሰፌድ ማውጣት ትዝ ሲለኝ ነው። ጉልበት አያሻውም፣ የቸኮለ እጅ ግን ያበላሸዋል። ለእሳቸው ይህን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ዝም ብለው አዩኝና «እንደገና አንሺው» አሉ።

አሁን ወደ ሦስቱ ክልከላዎች ልምጣ፤ የማመሰግናቸው በዋናነት ለእነርሱ ነው።

መጀመሪያ የከለከሉኝ ቀን የነፋስ መለኪያቸውን አሳዩኝ። ነፋሱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ካለፈ ጀማሪ አያስነሡም። ነባሮቹ እየበረሩ ስለነበር ተከራከርኩ። እሳቸው ሒሳቡን ነገሩኝ፦ የጀማሪ ክንፍ በራሱ የሚሄደው በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋሱ ያን ያህል ከሆነ አየር ላይ ቆመሽ ትቀሪያለሽ፣ ከበለጠ ደግሞ የኋሊት ከተረተሩ ጀርባ ይወስድሻል። ጀርባው አየር የሚደፈርስበት ነው።

በሁለተኛው ነፋሱ መልካም ነበር። «ስንት ሰዓት ተኝተሻል?» አሉኝ። ከሥራ በቀጥታ እንደመጣሁ ስነግራቸው የመኪናዬን ቁልፍ ወደያዝኩበት እጄ እያመለከቱ ወደ ቤት ሸኙኝ። በጣም ተናድጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምበረው በዕረፍት ቀኔ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ነፋሱም እንቅልፌም ተሟልተው ሳለ ከተራሮቹ በላይ ያበጠ ደመና አይተው ሁላችንንም አስቀመጡን። እ.ኤ.አ. በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ ማኒላ በተባለ ስፍራ፣ ኤቫ ቪሽኒርስካ የተባለች የጀርመን ቡድን አብራሪ የነጎድጓድ ደመና ስቦ 9,946 ሜትር ድረስ እንደወሰዳት የነገሩን ያን ዕለት ነው። ራሷን ስታ፣ በረዶ ለብሳ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይታ በተአምር ተረፈች፤ በዚያው ደመና የተያዘው ቻይናዊ አብራሪ አልተረፈም። ደመና ከሩቅ እንደ ጥጥ ሲታይ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያስባል?

የበረርኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከአንዲት ትንሽ ጉብታ ላይ ነው። በሬዲዮው «ሩጪ፣ ሩጪ፣ አትቀመጪ» ሲሉኝ እግሬ አየር ላይ እየሮጠ ነበር። ከሃያ ሰከንድ አይበልጥም። ገመዶቹ ቀጭን የፉጨት ድምፅ እንዳላቸው ማንም አልነገረኝም ነበር። ሳሩ ሲቀርብ ፍሬኑን ቀድሜ ስለጎተትኩት በመቀመጫዬ አረፍኩ። «እግር አለሽ» አሉኝ በሬዲዮው፤ ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ብቸኛ ቀልድ ይህ ነው።

እናቴ በስልክ «እንደ አየር ወለድ ከአውሮፕላን ትዘያለሽ አሉ» ብላ ስታለቅስ አይደለም አልኳት። ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። እ.ኤ.አ. በ1978 ሚዩሲ በምትባል የፈረንሳይ ተራራማ መንደር ይህን ስፖርት ያስጀመሩት ጃንጥላ ዘላዮች ናቸው፤ ለአውሮፕላን የሚከፍሉትን ለመቆጠብ ከተራራው ቁልቁል እየሮጡ ተነሡ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ስለ አሰልጣኝ ምርጫ አንድ ነገር እወቁ። በአሜሪካ ፓራግላይደር ለማብረር መንግሥት ፈቃድ አይጠይቅም። ደረጃ የሚሰጠው የአብራሪዎቹ ማኅበር ነው፤ ያለ አሰልጣኝ ክትትል ማብረር የሚቻለውም ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሲደረስ ነው፣ እሱም በገደብ። ስለዚህ ከማኅበሩ የተሰጠ የአሰልጣኝነት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን ሳትጠይቁ ገንዘብ አታውጡ። ከአብራሪ ጋር በአንድ ክንፍ ተጣምሮ መብረር ደግሞ ሌላ ነው፤ ደስ ይላል፣ ትምህርት ግን አይደለም።

ሥልጠናው ርካሽ አይደለም። እሳቸው ክፍያውን ከፋፍለው ይቀበላሉ፤ ክንፍ፣ ሄልሜትና መጠባበቂያ ጃንጥላ ያውሳሉ። ክንፍ የሚመረጠው ከነልብስና ከነመሣሪያ በሚኖራችሁ ክብደት ስለሆነ ይመዝኗችኋል፤ አትፈሩ። ለጀማሪ የሚሰጡት «ኤ» የሚል ደረጃ ያለውን ነው። ከኢንተርኔት ላይ ያገለገለ ክንፍ በርካሽ አግኝቼ ልገዛ ስል ያስቆሙኝም እሳቸው ናቸው፤ ፀሐይ የበላው ጨርቅ ለዓይን ደህና መስሎ አየር ያሳልፋል።

እንከን የላቸውም አልልም። ለመልእክት የሚመልሱት በሁለት ቀናቸው ነው፣ ክንፍ አጥፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፈትተው እንደገና ያሳጥፏችኋል፣ «ጎበዝ» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ማበረታቻ የምትፈልጉ ከቤት ይዛችሁ ኑ።

ረዥም ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማና ጓንት አትርሱ። ነፋሱ ከተስማማ ቅዳሜ ጠዋት በደቡቡ ሜዳ ላይ አለሁ፤ ነፋሱ ካልተስማማም አለሁ፣ የቡና ፔርሙዜን ይዤ ከእሳቸው አጠገብ ተቀምጬ።