ቤታችንን ላሻሻጠችልን እህት ምስጋና (ቤት ልትሸጡ ያሰባችሁም አንብቡት)

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ የነበረችውን ታውንሃውሳችንን ከ17 ዓመት በኋላ ባለፈው ወር ሸጠን ቁልፍ አስረከብን። ይህን የምጽፈው ኤጀንታችንን ለማመስገን ነው። ስሟን እዚህ አላወጣም፣ ራሷም አትወድም። የምትፈልጓት በውስጥ ጠይቁኝ።

ቤት መሸጥ ማለት ማጽዳት፣ ፎቶ ማስነሳትና ገዢ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ገዢው በ9 ቀን ተገኘ፣ በ480 ሺህ ዶላር ተስማማን፣ እኔም ለዘመድ ሁሉ እየደወልኩ "ተሸጠ" አልኩ። ልጄ "ማሚ፣ ገና እኮ ኢንስፔክሽን አለ" ስትለኝ አልሰማኋትም።

ከዚያ ገዢዎቹ ቤቱን ያስመረመሩበት የኢንስፔክሽን ሪፖርት መጣ። 52 ገጽ! ፎቶው ሁሉ ላይ ቀይ ቀስት አለ። የሻወሩ ሲሊኮን ተሰነጣጥቋል። ምድጃው ወደፊት እንዳይወድቅ የሚይዘው ብረት የለም። ከድራየሩ ጀርባ የወደቀ የባለቤቴ ካልሲ ሳይቀር ፎቶ ተነስቷል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የጭስ አላርሙ የለም። እሱን ያወረድነው እኛው ነን፣ እሑድ እሑድ ቡና ስቆላ ሰፈሩን በጩኸት ስለሚያናጋው። (የስንቶቻችን ቤት ነው እንደዚህ፣ አትዋሹ።)

ከሪፖርቱ ጋር የገዢዎቹ ጥያቄ ተያይዟል። 23 ነገር አስጠግኑ ይላል። ከሁሉም የከበደው የቤቱን የውሃ ቧንቧ በሙሉ ቀይሩ፣ ካልሆነ 16 ሺህ ዶላር ስጡን የሚለው ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "17 ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፣ አንድ ቀን ጠብታ አይቼ አላውቅም፣ ካልፈለጉት ይተዉት!" እኔም ከእሱ አልተሻልኩም። ሰው ቤቴን ሲተች ልጄን የሰደበብኝ ነው የመሰለኝ።

ኤጀንታችን በዚያው ምሽት ከሥራ ወጥታ መጣች። መጀመሪያ እንድንናደድ ተወችን። ከዚያ "ጋሼ፣ እርስዎን አልሰደቡም፣ የፈሩትን ነው የጻፉት" አለችና እስክሪብቶ አወጣች። የሲሊኮኑን፣ የበር እጀታውን፣ የቀለሙን ነገር ሁሉ ሰረዘችው። አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው ይህን እያየ ነው ዋጋ ያቀረበው አለች። የቀረው አምስት ነገር ብቻ ነበር፣ አራቱ ለደህንነት የሚያሰጋ፣ አንዱ ቧንቧው።

ስለ ቧንቧው እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር። ቤታችን የተሠራው በ1988 ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ፖሊቢዩቲሊን የሚባል ግራጫ ፕላስቲክ ቧንቧ በብዙ ቤት ገብቷል። በውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪን ከውስጥ እየበላው ይሰነጠቃል፣ ሲፈነዳም አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። እንዲህ ያለ ቧንቧ ያለበትን ቤት የማይቀበሉ ኢንሹራንሶች አሉ። ቤዝመንት ወርዳ ከወተር ሂተሩ በላይ ያለውን ግራጫ ቧንቧ በስልኳ መብራት አሳየችን። በየሳምንቱ ልብስ ሳጥብ አጠገቡ እቆማለሁ፣ አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም።

ባለቤቴ አሁንም "ሌላ ገዢ እንፈልጋለን" አለ። የሰጠችው መልስ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ "ገዢው ቢሄድ ቧንቧው አይሄድም፣ ጋሼ።" የሚቀጥለውም ኢንስፔክተር ያየዋል። በዚያ ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ሻጭ የቤቱን ሁኔታ ዘርዝሮ መግለጽ ወይም ቤቱን እንዳለ እሸጣለሁ ብሎ መፈረም ይችላል፣ ነገር ግን የሚያውቀውን ድብቅና ለጤና ወይም ለደህንነት አደገኛ የሆነ ጉድለት በሁለቱም መንገድ መሸሸግ አይችልም። ቧንቧው እዚያ ውስጥ ይግባ አይግባ ጠበቆች ይከራከሩበታል፣ እኔ ግን እናንተን ለዚያ ክርክር አልዳርግም አለችን።

እኔ ገዢዎቹን ቡና ጠርቼ በሽማግሌ ወግ ልጨርሰው ብያት ነበር። "እትዬ፣ በፍጹም!"

በሁለት ቀን ውስጥ ላይሰንስ ያላቸው ሁለት ቧንቧ ሠራተኞች አስመጣች። አንዱ 8,900፣ ሌላው 10,400 አሉ፣ ግድግዳውን መልሶ መድፈኑን ጨምሮ። 16 ሺህ የሚለው ቁጥር እዚያው ሞተ። የባለቤቴ የወንድም ልጅ በግማሽ ዋጋ እሠራዋለሁ ብሎ ነበር። ይህን ሥራ ያለ ደብሊው ኤስ ኤስ ሲ (የአካባቢያችን የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት) ፈቃድ መንካት የለም፣ ደረሰኝ የሌለው ሥራም ክሎዚንግ (ሽያጩ ተፈርሞ የሚጠናቀቅበት ቀን) ላይ አያዋጣም ብላ ከለከለችን። ልጁ ትንሽ ቅር ብሎታል፣ ይለፈው።

እኛ ራሳችን እናስቀይር ወይ ስንላት ግን እዚያ ላይ ነው ብልጠቷን ያየሁት። ግድግዳ ተቀዶ፣ ሥራው ቢዘገይ፣ ገዢዎቹ መጥተው አልወደድነውም ቢሉ ሁሉም ጣጣ የእኛ ነው። ስለዚህ ጥገናውን ሳይሆን ክሎዚንግ ላይ ክሬዲት፣ ማለትም ከእኛ ድርሻ ተቀንሶ የገዢዎቹን ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ አቀረበች። ዋጋ ብንቀንስላቸው 8 ሺህ ዶላር ለእነሱ በወር ወደ 50 ዶላር ብቻ ነው፣ ክሬዲቱ ግን ክሎዚንግ ቀን ከኪሳቸው የሚወጣውን ጥሬ ገንዘብ ያስቀርላቸዋል። ከዚያ በፊት ግን የብድራቸውን ዓይነት ጠየቀች። ከ10 ከመቶ በታች ቅድሚያ የሚከፍል የኮንቬንሽናል (መንግሥት ዋስ ያልሆነለት መደበኛ) ብድር ገዢ ከሻጭ መቀበል የሚችለው እስከ ዋጋው 3 ከመቶ ነው፣ ከራሱ የክሎዚንግ ወጪም ሊበልጥ አይችልም። ይህን ሳያዩ ተስማምተው መጨረሻ ላይ ባንኩ ያፈረሰባቸው ሰዎች አሉ አለችን።

አራቱን የደህንነት ነገር ግን ወዲያው አሠራን። አላርሞቹ፣ የምድጃው ብረት፣ ሲንኩ አጠገብ ያለው ሶኬት፣ የወተር ሂተሩ ቫልቭ ቱቦ። ሁሉም ከ600 ዶላር አላለፈም። 7,000 ክሬዲት ብለን ጀመርን፣ እነሱ 10,000 አሉ፣ በ8,000 ተዘጋ። የቤቱ ዋጋ 480 እንዳለ ቀረ።

ራዶኑንም (ከመሬት ወደ ቤት የሚገባውን ጨረራማ ጋዝ) አልረሳም። ሞንጎመሪ ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ እንደኛ ያለ ቤት ሲሸጥ የራዶን ምርመራ ግድ ነው። እሷ ቤቱ ገበያ ሳይወጣ በፊት አስለክታን 2.1 ፒኮኩሪ በሊትር ወጣ፣ መንግሥት አስተካክሉ የሚለው ከ4 ጀምሮ ስለሆነ ስለሱ ማንም አፉን አልከፈተም።

ጉድለት የላትም አልልም። ሌሊት 5 ሰዓት ቴክስት ትልካለች፣ ስታወራም ትፈጥናለች፣ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ "ቀስ በይ ልጄ" ብሏታል። የማይሆነውን አይሆንም ስትልም አታለባብስም። እኔን የጠቀመኝ ግን እሱ ነው።

ስልኳን የምትፈልጉ ጻፉልኝ። እሑድ ግን ቅዳሴ እስኪወጣ አታነሳም።