ሰርቫይቨር ወይስ ቢግ ብራዘር?

ሁለቱም ሰው እያሰናበቱ አንድ አሸናፊ የሚያስቀሩ የቴሌቪዥን ውድድሮች ናቸው፤ ሰርቫይቨር ራቅ ባለ ስፍራ፣ ቢግ ብራዘር በአንድ ቤት ውስጥ ይካሄዳል። የሰርቫይቨር መነሻ እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን የተላለፈ ውድድር ነው። ቢግ ብራዘር በ1999 በኔዘርላንድስ ጀመረ።

ለእኔ ትልቁ ልዩነት ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። በሰርቫይቨር ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው አንዱ ሌላውን ያሰናብታሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አሸናፊውን የሚመርጡት ከተሰናበቱት መካከል የሆኑ ሰዎች ናቸው። ያስወጣኸው ሰው ዳኛህ ሆኖ ይጠብቅሃል! ስለዚህ ብልጠት ብቻውን አያዋጣም፤ ሰውን አክብረህ መሸኘትም አለብህ። የመጨረሻውን ክፍል በጉጉት የማየው ለዚህ ነው።

በቢግ ብራዘር በብዙ አገሮች የሚወስነው ተመልካቹ ነው። የምወደውን ማዳን መቻሌ ደስ ይለኛል። ግን ደጋፊ የበዛለት ሰው ምንም ሳይሠራ ሲዘልቅ ያናድደኛል።

የአሜሪካው ሰርቫይቨርም እንከን አለበት። ከ2021 ጀምሮ ውድድሩ የሚፈጀው ጊዜ ከ39 ቀን ወደ 26 ቀን አጠረ፤ ጥድፊያው ያስታውቃል። በ2023 ክፍሎቹ ወደ 90 ደቂቃ መርዘማቸው ግን ጠቅሟል፤ ሰዎቹን ከመሄዳቸው በፊት በደንብ እናውቃቸዋለን። የቤት ውስጥ ኑሮና ወሬ ለሚወድ ቢግ ብራዘር ይሻላል። እኔ ግን ሰርቫይቨርን እመርጣለሁ።