ከዱሆክ ወደ ጀርዋን፦ የአንድ ቀን የጉብኝት አገልግሎት ግምገማ

በኢራቅ ኩርዲስታን ክልል፣ በሼኻን አካባቢ የምትገኘው ጀርዋን ኩርድኛ የሚናገሩና የራሳቸው ጥንታዊ ሃይማኖት ያላቸው ያዚዲዎች የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ናት። ከዱሆክ ከተማ ተነሥቶ ጀርዋንን፣ የኺኒስን የገደል ላይ ቅርጾችና የላሊሽን የያዚዲዎች ቤተ መቅደስ በአንድ ቀን የሚያስጎበኝ አገልግሎት ከአንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ገዝቼ ነበር። ክፍያው መኪናውን፣ አሽከርካሪውንና አስጎብኚውን ያጠቃልላል፤ ምሳ ለብቻው ይከፈላል። የተከፈለው ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም። የጊዜ አመዳደቡ ግን መስተካከል አለበት፤ ከሦስቱ ቦታዎች ረጋ ብሎ መታየት የሚገባው ጀርዋን ሆኖ ሳለ በመርሐ ግብሩ አጭሩ ሰዓት የደረሰው ለእሱ ነው።

ከመኪናው የወረደ ጎብኚ የሚያየው በሜዳ ላይ የተዘረጋ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ስለሆነ፣ የሚያስረዳው ካላገኘ የፈረሰ አጥር መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ካቡ የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ለዋና ከተማው ለነነዌ ውሃ ለማድረስ ካሠራው ታላቅ የቦይ መረብ የተረፈ ድልድይ ነው። ውሃው ኺኒስ ላይ ከጎሜል ወንዝ ተጠልፎ በተራራው ግርጌ እየተጠማዘዘ ሲመጣ ጀርዋን ላይ ሸለቆ ያጋጥመው ስለነበር፣ መሐንዲሶቹ ከ280 ሜትር የማያንስ ርዝመትና 22 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ግንብ ገንብተው ቦዩን በላዩ አሻገሩት፤ ከሥሩ የሚያልፈው ጅረትም በአምስት ሾጣጣ ቅስቶች ውስጥ እንዲፈስ አደረጉ። ለግንቡ የዋለው ጥርብ የኖራ ድንጋይ ከሁለት ሚሊዮን እንደሚበልጥ ተገምቷል። ሥራው የተጠናቀቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ690 ገደማ ሲሆን፣ ሮማውያን የመጀመሪያውን የከተማ ውሃ መስመራቸውን የሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312 ነው።

አስጎብኚያችን በዚህ ክፍል ሙሉ ምስጋና ይገባዋል። በ1933 እ.ኤ.አ. ከችካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ቶርኪልድ ያኮብሰንና ሲተን ሎይድ ቦታውን ቆፍረው ፍርስራሹ ውሃ ማሻገሪያ መሆኑን እንዴት እንዳረጋገጡ ያስረዳን፣ በቃሉ ያጠናውን እያነበነበ ሳይሆን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየመራን ነበር። የላይኛው ንጣፍ ውሃ እንዳያሰርግ ከሥሩ ኮንክሪት መሰል ወፍራም ድልድል እንደተደረገለትም ነገረን። ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ጽሑፉ ነው። በግንቡ ፊት ላይ የሽብልቅ ቅርጽ ያላቸው ፊደላት ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው እየተሻገሩ በረድፍ ተቀርጸዋል፤ አንዳንዱ ምልክት በዘመን ብዛት ተልጧል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጠርዙ እስካሁን ስለታም ነው። ንጉሡ በዚህ ጽሑፍ ውሃን ከሩቅ ወደ ነነዌ እንዳመጣና በነጭ ድንጋይ ድልድይ ሸለቆውን እንዳሻገረው ይናገራል።

ለእኛ ሰናክሬም እንግዳ ስም አይደለም። ኢየሩሳሌምን ሲያስጨንቅ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ሊወጋው እንደወጣ የሰማው ይኸው ንጉሥ መሆኑን በመጽሐፈ ነገሥት አንብበናል፤ ነነዌንም በየዓመቱ በጾም እናስባታለን። በዚህ ምክንያት ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ጀርዋን የተለየ ክብደት አለው ብዬ አምናለሁ።

በኺኒስ ንጉሡ በአማልክቱ ፊት ቆሞ የሚታይበት ግዙፍ ቅርጽ በገደሉ ላይ አለ፤ ወደ ወንዙ የወደቀው ትልቅ ጥርብ አለትም አሁን ድረስ ውሃው ውስጥ ነው። በዚያው ገደል የተቀረጸው ጽሑፍ የቦዩ በር በምረቃው ጊዜ በራሱ እንደተከፈተ፣ ንጉሡም ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጥሮ ቆፋሪዎቹን ልብስና ወርቅ እንደሸለማቸው ይተርካል። ባቢሎንን አፍርሶ በውሃ እንዳጥለቀለቃትም የሚፎክረው በዚሁ ጽሑፍ ላይ ነው። አንዲት ከተማን ሊያጠጣ የደከመ ሰው ሌላይቱን በውሃ ማጥፋቱን በአንድ አለት ላይ አጣምሮ ማስጻፉ ስለ አሦር አገዛዝ ብዙ ይናገራል፤ አስጎብኚው ይህን ሳይገልጽልን ማለፉን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። ላሊሽ ሰላማዊና ውብ ነው፤ ጫማ አውልቆ መግባት ግዴታ ስለሆነ ይህ አስቀድሞ ሊነገረን ይገባ ነበር።

ዋናው ቅሬታዬ ጀርዋን ላይ አንድ ሰዓት እንኳን ሳንቆይ እንድንነሣ መደረጋችን ነው። ጽሑፉ በደንብ የሚነበበው ፀሐይ በጎን ስትመታው ነው፤ እኛ የደረስነው ግን በቀትር፣ ጥላዎች በጠፉበት ሰዓት ነበር። ድርጅቱ ጉዞውን ከጀርዋን ቢጀምርና ላሊሽን ወደ መጨረሻ ቢያደርገው ምንም ተጨማሪ ወጪ የለበትም። ሁለተኛው ቅሬታዬ ጎብኚዎች ጽሑፍ ያለባቸውን ድንጋዮች ረግጠው ፎቶ ሲነሡ አለመከልከላቸው ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ዝም የሚል አስጎብኚ፣ ዕውቀቱ ምንም ያህል ቢሰፋ፣ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

አገልግሎቱን ለመጠቀም የምታስቡ ከመክፈላችሁ በፊት የጉዞውን ቅደም ተከተል ተነጋግራችሁ አስወስኑ። በፀደይ ወይም በመጸው ሂዱ፤ በዚያ አገር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው የበጋ ሙቀት ከባድ ነው። ውሃና ኮፍያም ያዙ። ዱሆክ አጠገብ በፋይዳ፣ የጣሊያን የኡዲኔ ዩኒቨርሲቲና የአካባቢው የቅርስ ባለሙያዎች በ2019 እ.ኤ.አ. በሌላ የአሦር ቦይ ዳር ያወጧቸው የአማልክት ሰልፍ ቅርጾች ስላሉ፣ ድርጅቱ እነዚህን በጉዞው ውስጥ ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ፤ የሚጨምር ከሆነ ላሊሽን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ይሻላል።