ለብሪቲሽ ሾርትሄር ድመት የጎማ ብሩሽ ምን ያህል ይበቃል?

በመዳፍ ተይዞ የሚሠራው፣ አጫጭርና ለስላሳ የጎማ ጥርሶች ያሉት ብሩሽ አጭር ጸጉር ላላቸው ድመቶች ሁሉ እንደሚሆን ተደርጎ ይሸጣል። ይህ ግምገማ ግን ብሩሹን የሚመዝነው ብሪቲሽ ሾርትሄር ለሚባለው ዝርያ ካለው ጥቅም አንጻር ብቻ ነው፤ የዚህ ድመት ጸጉር አጭር ቢሆንም እጅግ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ፣ ሲያሚዝ እንደሚባለው የድመት ዝርያ ላለ ስስ ጸጉር የሚበቃው መሣሪያ ለእርሱ ሊያንስ ይችላል። ፍርዴን ላስቀድም፦ ለሳምንታዊ እንክብካቤ ከዚህ ብሩሽ የማስበልጠው የለም፤ ጸጉር በብዛት በሚረግፍበት ወቅት ግን ረዳት ያስፈልገዋል።

ብሪቲሽ ሾርትሄር በብሪታንያ ከተሞችና እርሻዎች አይጥ እያደኑ ከኖሩ ተራ ድመቶች ተመርጦ የወጣ ዝርያ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሃሪሰን ዊየር እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን ውስጥ ክሪስታል ፓላስ በተባለው አዳራሽ ባዘጋጀው የድመት ትርኢት የአገሪቱ አጭር ጸጉር ድመቶች ለሕዝብ ቀርበው ነበር። በዓለም ጦርነቶቹ ዘመን ቁጥራቸው ክፉኛ ስለተመናመነ አርቢዎች ረጅም ጸጉር ካለው ከፐርሺያን ድመት ጋር አዳቀሏቸው፤ ዛሬ የምናየው ክብ ፊትና የታመቀ የውስጥ ጸጉር ለዚያ ማዳቀል ብዙ ባለዕዳ ነው። ጸጉሩ ገላ ላይ ተለጥፎ አይተኛም፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ድመቱ አንገቱን ሲያዞር ደረቱ ላይ እየተከፈለ መስመር ይሠራል። ይህ ውበት የሚጠበቀው የውጭው ጸጉር ሳይሰበር፣ ሊረግፍ የደረሰው የውስጡ ብቻ ሲወጣለት ስለሆነ፣ ብሩሹም መመዘን ያለበት በዚሁ ነው።

በዚህ ሚዛን ብሩሹ በሚገባ ያልፋል። ጎማው የሚሠራው በሰበቃ በመሆኑ ሥሩ የለቀቀውን ጸጉር ይዞ ይወጣል፣ የጸናውን ትቶ ያልፋል፤ ጥርሶቹም ስለሚተጣጠፉ ቆዳን አይቧጥጡም። ከማጅራት ተነሥቶ ጸጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ እስከ ጅራቱ ሥር በዝግታ መሳብ ይበቃል። ጉንጩ ላይ ሲደርሱ ድመቱ ራሱ ፊቱን ወደ ብሩሹ ይገፋል፤ ወፍራም ጉንጭ ባላቸው ወንዶች ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ዝርያው ረጋ ያለና ድምፁን እምብዛም የማያሰማ፣ ከባለቤቱ ጋር በአንድ ክፍል መዋል የሚወድ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ታቅፈው መነሣትን አይወዱም። ስለዚህ ድመቱ በተኛበት፣ ወለል ላይ ተቀምጦ መቦረሽ ይሻላል፤ ጭን ላይ አስገድዶ መያዝ ብሩሹን እንዲጠላው ያደርጋል። የጅራቱ ጫፍ መወራጨት ወይም የጀርባው ቆዳ መንዘፍዘፍ ሲጀምር፣ ሥራው ባያልቅም እንኳ ማቆም ይገባል።

የብሩሹ ጉድለት የሚታየው ወቅት ሲለወጥ ነው። ጥርሶቹ አጭር በመሆናቸው የውስጡ ጸጉር መሠረት ድረስ አይዘልቁም፤ ላይ ላዩ ንጹሕ መስሎ ሳለ፣ ታፋውና የጅራቱ ሥር በጣት ሲከፈት ታምቆ የቀረ ብናኝ የመሰለ ጸጉር ይገኛል። ያን ጊዜ ከማይዝግ ብረት በተሠራ፣ የጥርሶቹ ጫፍ በደነዘ ማበጠሪያ አስቀድሞ ማበጠር፣ ከዚያም በጎማው መጨረስ ያስፈልጋል። የድመት ምላስ እሾሆች ወደ ኋላ የዞሩ በመሆናቸው በብሩሽ ያልወጣው ጸጉር እየተላሰ ወደ ሆዱ ይገባል፤ ሲበዛም ተድቦልቡሎ በትውከት ይወጣል። የውስጥ ጸጉርን በምላጭ መሰል ጥርስ የሚያወጣውን መሣሪያ ግን ለዚህ ዝርያ አልመክርም፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ጸጉር በማውጣቱ ቢያስደስትም፣ ሲደጋገም የውጭውን ጸጉር እየቆረጠ ያሳሳዋል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ጎማው ጸጉሩን ስለሚያስነሣው፣ እጅን በጥቂት ውሃ አርሶ ድመቱን መዳበስ ይረዳል።

ሻጮች የማያነሡት፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ጥቅም ሌላ ነው። ይህ ድመት ብዙም የማይሯሯጥ፣ በተለይ ከተኮላሸ በኋላ በቀላሉ የሚወፍር ነው፤ ጸጉሩ ደግሞ ውፍረቱን ይሸፍናል። ወንዱ ሙሉ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ግራም ስለሚመዝንና አካሉ ተሟልቶ እስኪጠና ከ3 እስከ 5 ዓመት ስለሚፈጅበት፣ የሚጨምረው ክብደት ዕድገት ይሁን ስብ በዓይን መለየት ያስቸግራል። አንዱ እጅ ሲቦርሽ ሌላው ጎኑን ይዳብስ፤ የጎድን አጥንቶቹ በስስ ሥጋ ሥር አንድ በአንድ ሊቆጠሩ ይገባል። ለመቆጠር መጫን ካስፈለገ፣ ሳህኑ ሁልጊዜ ሞልቶ መተዉ ቀርቶ ምግቡ እየተመዘነ ሊሰጠው ይገባል። በእርግጥ እጅ የማይደርስበት ነገር አለ፦ በዝርያው ላይ የሚታየው የልብ ጡንቻ መወፈር የሚታወቀው በልብ አልትራሳውንድ ነው፤ ከፐርሺያን የተወረሰው፣ ኩላሊትን በውሃ ከረጢቶች የሚሞላው በሽታ ደግሞ በዘረመል ምርመራ ይለያል። ግልገል የሚገዛ ሰው የሁለቱንም ወላጆች የምርመራ ውጤት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ብሩሹን ማጽዳት ቀላል ነው፤ የተጠቀለለው ጸጉር እንደ ስስ ጨርቅ ተገፎ ይነሣል፣ ጎማው በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ሲገዙ ጥርሶቹን በጣት አጥፎ መሞከር ያስፈልጋል፤ ለድመት የሚሆነው ያለ ኃይል የሚተጣጠፈው ነው። በአገልግሎት ብዛት የደረቀውና የተሰነጣጠቀው ጎማ ጸጉር ስለሚነጭ በጊዜው ሊቀየር ይገባል።