ለፋሲካ ሳልናገር ደብረ ሲና ላደረሰኝ ሚኒባስ ስንት ኮከብ ልስጠው?

ይሄን የምጽፈው በዓል በመጣ ቁጥር "ሳልናገር ሄጄ ጉድ ላድርጋቸው" እያላችሁ ለምታስቡ የሰሜን ሸዋ ልጆች ነው። የማወራው ስለ ሚኒባስ ነው፣ ያው እነዚህ በስልክ ወንበር እያስያዙ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃንና ደብረ ሲና የሚጭኑትን ማለቴ ነው። ስማቸውን አልጠራም፣ ደግሞ ስም ያላቸውም አይመስለኝም፣ ሰው ቁጥራቸውን እየተቀባበለ ነው የሚደውልላቸው፣ እኔም ከመሥሪያ ቤታችን ልጅ ነው የተቀበልኩት። ስትሰጠኝ "አሪፍ ናቸው፣ ግን ወሬ ይወዳሉ" ብላኝ ነበር። መንገድ ላይ ጨዋታ ያበዛሉ ማለቷ መስሎኝ ዝም አልኩ። ወይ አለማወቅ!

እስከዛሬ ከላምበረት መናኸሪያ ነበር የምሳፈረው። የበዓል ዋዜማ እዛ የቆመ ያውቀዋል፣ ገና ሳይነጋ ዶሮ ቁልቁል ያንጠለጠለው፣ ሽንኩርት በማዳበሪያ ያቀፈው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ነው ቤቱ ልግባ የሚለው፣ ማንም ላይ አይፈረድም። ደብረ ሲና እኮ ሩቅ አይደለም፣ 190 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደብረ ብርሃን 130ው ላይ ነች ከዛ 60 ይቀራል በቃ፣ ግን በዓል ሲሆን ከመንገዱ መኪና ማግኘቱ ይረዝማል።

ሁለት ፋሲካ ሳልሄድ ቀርቻለሁ። የምሠራው ሂሳብ ክፍል ነው፣ ሁሌ በዓል ሰሞን የሚዘጋ ነገር አይጠፋም። ዘንድሮም ለእማ "አይመቸኝም" አልኳት፣ "ይሁን ልጄ፣ ሥራሽን ያዢ" አለች፣ ያቺን "ይሁን" እናት ስትላት እንዴት እንደምትከብድ ታውቃላችሁ። ሐሙስ ማታ ታዲያ አለቃዬ በድንገት ቅዳሜ አትግቢ አለኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ለእህቴ እንኳን። አርብ ከስግደት ስመለስ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩና ረዳቱ አነሳው።

"ደብረ ሲና የት ጋ ነሽ?"

"ከገበያው ከፍ ብሎ።"

"እንዴ የኛ ሰፈር! የማን ልጅ ነሽ?"

ነገርኩት። ሌላ ምን ልበል፣ የሀገር ልጅ ሲጠይቅ ይነገራል አይደል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በቴሌብር 200 ብር ቀብድ ላኪ አለኝ ላኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ካራ ላይ ጠብቂ አለኝ፣ እኔ ሩብ ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ፣ እነሱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ መጡ። እዚህ ላይ ግማሽ ኮከብ ቀንሻለሁ። ሰው ከሚቀር ትንሽ ቢዘገይ ይሻላል ብሎ ረዳቱ ሊያስረዳኝ ሞክሯል፣ ግን የቀረሁት እኔ አልነበርኩም፣ ብርዱ ደግሞ የካራ ብርድ ነው።

ወንበሩ በስልክ ይያዛል ማለት ሙሉ ወንበር ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። ሦስት የሚቀመጥበት ላይ አራት ሆነናል፣ መተላለፊያው ላይ ዱካ ተደርጎ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፣ "ተጠጉ ተጠጉ በዓል ነው" ይላል ረዳቱ፣ ሁሉም ነገር መልሱ በዓል ነው። ሰንዳፋን ካለፍን በኋላ ደግሞ በስልክ ከነገረኝ ሂሳብ ላይ 150 ብር ጨመረ። ለምን ስንለው አሁንም በዓል ነው። ከፊት ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ነበሩ፣ ዞር ብለው "ልጄ፣ በዓሉ ላንተ ብቻ ነው እንዴ የመጣው?" ሲሉት መኪናው ሙሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ግን ብሩን ተቀበለ። አንድ ኮከብ ሙሉ እዚህ ጋ ሄዷል። ጭማሪ ካለ ቀብድ ስትቀበለኝ ንገረኝ፣ እከፍል ነበር እኮ፣ መሀል መንገድ ላይ ግን የት ልወርድ ነው።

ስለ በጎቹም ልናገር። ጣሪያው ላይ ሦስት በግ ታስሯል። አለልቱ አካባቢ በመስኮቱ ውጪ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ወረደ፣ እኔ ደግሞ "ኧረ ዝናብ ጀመረ" ብዬ መስኮቱን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ... በቃ ልተወው። መስኮት ጋ የምትቀመጡ ሰዎች፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ።

ሸኖ ላይ ሩብ ሰዓት ቆምን፣ ይሄ ያስደሰተኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ለእማ ባዶ እጄን እየሄድኩ ነበር። ሸኖ ደርሶ ቅቤ ሳይገዛ የሚያልፍ ሸዌ አላውቅም። ችግሩ ቅዳም ሹር መሆኑ ነው፣ 55 ቀን ተጹሞ ለአንድ ሌሊት ተብሎ አይቀመስም፣ እና ሰው ሁሉ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ትንሽ ቆንጠር አድርጎ የእጁ ጀርባ ላይ ያሸውና ያሸታል። ሴትዮዋ ለኔም በጣቷ ቀባችልኝ፣ ቆዳዬ ላይ ሲሟሟ የወጣው ሽታ እስከ ደብረ ብርሃን ከእጄ አልለቀቀም፣ በጾም አፌ ምራቄን ስውጥ ነው የሄድኩት። ሁለት ኪሎ ለጋ ገዛሁ፣ በኮባ ጠቅልላ በፌስታል ደርባ ሰጠችኝ። ጭኔ ላይ አስቀምጬው በመስኮት የገባችው ፀሐይ ስታሞቀው ፈራሁ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ስንጠጋ ግን እንኳን ቅቤው እኔም ደረቅኩ።

ጫጫን እያለፍን እማ ደወለች።

"የት ነሽ?"

"ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ወደ ገበያ እየሄድኩ።"

ይሄን ስል ላይ አንዱ በግ ባዕዕዕ አለ። ረዳቱ ደግሞ በዛው ላይ "ጫጫ ወራጅ አለ?" ብሎ ይጮሃል፣ አፉን በእጄ ልዘጋው ምንም አልቀረኝም።

"ታክሲ ውስጥ በግ አለ?" አለች እማ።

"ያው በዓል ነው" አልኳት። ከረዳቱ ተምሬ ማለት ነው። "እሺ ልጄ፣ ተጠንቅቀሽ ሂጂ" ብላ ዘጋች። አልነቃችም ብዬ ደስ አለኝ።

ደብረ ብርሃን ላይ ለቁርስ ቆመን ነበር፣ እኔ ደካማዋ ሻይ በደረቅ ዳቦ በላሁ፣ ባለጋቢው አባት አክፋይ ስለነበሩ ከአርብ ጀምሮ ውኃም አልቀመሱ፣ ከመኪናው እንኳን አልወረዱም፣ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አፈርኩ ግን ዳቦውን ጨረስኩት።

አሁን ለሹፌሩ። ሹፌሩ ላይ አንድም ነገር ማውጣት አልችልም። በመጀመሪያ መንገዱን ሳያጣራ አይነሳም። ሰሞኑን ወደኛ ሀገር የሚሄድ ሰው ከታሪፍ በፊት የሚጠይቀው "መንገዱ ሰላም ነው?" የሚለውን ነው፣ እነዚህ ልጆች ደግሞ ቀድመው የወጡት መኪኖች ጋ እየደወሉ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ጉዶ በረት ላይ እየጠየቁ ነው የሚሄዱት። መንገድ ካልተመቸ ቀብዱን ማታውኑ እንደሚመልሱ የመሥሪያ ቤቴ ልጅ ነግራኛለች፣ እሷ ላይ ደርሶ ተመልሶላታል። ለኔ ለዚህ ስል ብቻ ወንበር ማስያዙ ያዋጣል።

ከጉዶ በረት በኋላ ጉሙ ወረደብን። ጣርማ በር እኮ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከላይ ጉም፣ ከታች ገደል፣ ፊት ለፊት የጭነት መኪና መብራት ብቻ ነው ድንገት ብቅ የሚለው። ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋው። ያቺ ጣሊያን በወረራው ጊዜ የቆፈራት ዋሻ ጋ ስንደርስ ጡሩምባውን ረጅም አድርጎ ነፋና መብራቱን አብርቶ ቀስ ብሎ ገባ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነች፣ ልጅ ሆነን ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምናልፋት፣ አሁንም ሳላውቀው ይዤ ነበር። ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ፍሬን ላይ አልተኛም፣ በማርሽ ነው ቀስ እያለ ያወረዳት፣ ጠመዝማዛው ላይ አንዱ ቅድሚያ ሊወስድ ሲሽቀዳደም ጠጋ ብሎ አሳለፈው፣ አልተሳደበም። ዱካ ላይ የተቀመጡት እናት "እናትህ ትባረክ" አሉት። አምስት ኮከብ ለሹፌሩ፣ የሂሳቡን ነገር ከረዳቱ ጋ ነው የምጨርሰው።

እና ደረስኩ። ነጠላዬን ተከናንቤ ቅቤዬን ይዤ በጓሮ በኩል ዞሬ ልገባ ነው፣ እቅዱ እማ ምድጃ ጋ ስትሆን ከኋላ ዓይኗን መያዝ ነበር። በሩን ገፋ ሳደርገው እማ ግንባሯ ላይ ቄጠማ አስራ፣ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ፊት ለፊት በሩን እያየች ተቀምጣለች። ሁለት ጎረቤቶቻችን አጠገቧ፣ ቡናው ተቆልቶ ጀበናው ተጥዷል፣ ሁሉም ሲኒ ቀርቧል፣ ባዶ መቀመጫ አንድ አለ።

"ዘገያችሁ፣ ጫጫን ሦስት ሰዓት ላይ አልፋችሁ አልነበር?" አለችኝ።

ለካ ረዳቱ አርብ ማታ ስልኩን ዘግቶ ወዲያው ለእናቱ ደውሏል። እናቱ ደግሞ ከእማ ጋር አንድ ጽዋ ማኅበር ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር በቃ፣ ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ያ "ታክሲ ውስጥ በግ አለ?" የሚለው ጥያቄ ሳቋን አፍና ነው የጠየቀችኝ፣ ቡናውን ስንት ሰዓት እንደምትቆላ ልታሰላ ነበር የደወለችው! ጎረቤታችን እየሳቁ "ባዕዕዕ" አሉኝ፣ እስክመለስ ድረስ ስሜ እሱ ሆኖ ነው የቆየው።

በጣም ተናድጄ ነበር፣ እውነቴን ነው። የደንበኛን ነገር እንዲህ መዝራት ምን ይባላል፣ አንድ ኮከብ ነው የምሰጣቸው ብዬ ነበር ሲኒ ይዤ ስዝት። ከዛ ማታ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስልጥላት እማ እንደዋዛ ነገረችኝ። እኔም እህቴም አንመጣም ስላልናት ዶሮ አልገዛችም ነበር። "ለአንድ ራሴ ዶሮ አርጄ ማንን ላበላ ነው" ብላ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጎረቤት ጋ ልትፈስክ ነበር ያሰበችው። አርብ ማታ ከሰማች በኋላ ነው ቅዳሜ በጠዋት ገበያ ሮጣ በዛ ዋጋ ዶሮውን የገዛችው፣ ድፎውንም በሌሊት ነው ያቦካችው። እኔ ባሰብኩት መንገድ ገብቼ ቢሆን ዓይኗን ከኋላ ይዤ ምን ልንበላ ነበር? ሁለት ኪሎ ቅቤ? አስቡት፣ ልጇ ከአዲስ አበባ መጥታ ፋሲካን ጎረቤት ይዛት ስትሄድ፣ ደስታው ቀርቶ ዓመት ሙሉ ነበር የምታዝንብኝ።

ሌሊት 9 ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የመጀመሪያውን ጉርሻ ስታጎርሰኝ የሸኖው ቅቤ ወጡ ላይ ሸተተኝ፣ ያው ከእጄ ጀርባ ያልለቀቀኝ ሽታ። ከዛ በኋላ ኮከብ መቁጠሩን ተውኩት።

ግን ሪቪው ነውና ልወስን። ሹፌሩና የመንገድ ማጣራቱ አምስት፣ ሰዓት አክባሪነት ሁለት ተኩል፣ ሂሳብ ላይ ሁለት፣ ምቾት አንድ፣ እሱም ለበጎቹ ተብሎ ነው። ምስጢር መጠበቅ ዜሮ፣ ያ ዜሮ ግን ዶሮ አብልቶኛል። በድምሩ ሦስት ተኩል እሰጣለሁ። ቤተሰብ ጉድ ማድረግ የምትፈልጉ፣ የሀገራችሁ ሰው ባልሆነ መኪና ሂዱ፣ "የማን ልጅ ነሽ" ሲባል መልስ አትስጡ። እናታችሁ ብቻዋን የምትውል ከሆነች ግን ንገሩት፣ በሱ በኩል ይደርሳታል።

ማክሰኞ መመለሻዬን ላስይዝ ለረዳቱ ደወልኩ። "ተይዞልሻል፣ ጋቢና ነው፣ ሂሳቡም በድሮው ነው" አለኝ። ማን ያዘልኝ ብለው እናትሽ አለኝ። ቤት ገብቼ ስልኳን ተቀብዬ ሳየው የጎረቤት ልጅ ነው መሰለኝ የጻፈላት፣ ቁጥሩ "ልጄን የሚያመጣት" ተብሎ ተመዝግቧል። ቀብድ እንኳን አልተቀበላትም።